ፋሚሊ ፋውንዴሽን ለትናንሽ የኮሚኒቲ ድርጅቶች ግራንት ይሰጣል ወይስ ወሬ ነው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም የዚ ቤት ሰዎች። እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ሆምወርክ የምናስጠና፣ አማርኛ የምናስተምር፣ ለትልልቆቹ ደግሞ የሜዲኬርና የሶሻል ሴኩሪቲ ደብዳቤ የምናነብ ቅጽ የምንሞላ ትንሽዬ ማህበር አለችን። 501ሲ3 (ከታክስ ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ነን፣ በ2022 በአጭሩ ፎርም በ1023-ኢዚ ነው ያወጣነው። በአመት የምናንቀሳቅሰው ገንዘብ 40,000 ዶላር ቢሆን ነው፣ እሱም ከአባላት መዋጮና በአመት አንዴ ከምናዘጋጀው እራት። ኪራዩ ጨመረ፣ ልጆቹ በዙ፣ አስተማሪዎቹ በነጻ ነው የሚሰሩት እስከ መቼ እንደሚችሉ እንጃ።

አንድ የቦርድ አባላችን ሀብታም ቤተሰቦች ፋሚሊ ፋውንዴሽን (ገንዘባቸውን አስቀምጠው ለበጎ ስራ የሚሰጡበት የራሳቸው ድርጅት) አላቸው፣ በህግ በየአመቱ ገንዘብ የማውጣት ግዴታ አለባቸው፣ መጠየቅ ብቻ ነው አለን። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ስም ሁሉ ይዘን ኢሜይል ላክን፣ አብዛኛው መልስም አልሰጠ፣ የመለሰውም "ስለ ስራችሁ እናመሰግናለን" ብሎ ነው የሸኘን። አሁን ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ ፕሮፖዛሉን እኔ እጽፍላችኋለሁ፣ ቅድሚያ አትከፍሉም፣ ከሚገኘው ላይ 15 ፐርሰንት ትሰጡኛላችሁ ይላል። ግማሹ ቦርድ እሺ ብሏል። በዚህ ነገር ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩን፣ ፋውንዴሽኖቹ በእርግጥ እንደኛ ላሉት ይሰጣሉ ወይ?

አቦል_ጀባ

15 ፐርሰንት? ደላላ ግራንት ላይም ገባ በለኛ 😂

ትግስት_ከቨርጂኒያ

ወንድሜ ትሁን እህቴ ከስምህ አላወኩም፣ ይቅርታ። እኔ ስራዬ ይሄው ነው፣ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ላለ የኮሚኒቲ ክሊኒክ የግራንት (የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ) ማመልከቻ እጽፋለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የቦርድ አባላችሁ የነገራችሁ ህግ እውነት ነው። እንደዚህ አይነት ፋውንዴሽን ከኢንቨስትመንት ሀብቱ ወደ 5 ፐርሰንት የሚሆነውን በየአመቱ ማውጣት አለበት፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ያለው ቤተሰብ ወደ 500,000 አካባቢ ማለት ነው። ግን እዛ ውስጥ የራሳቸው የፋውንዴሽኑ ስራ ማስኬጃም ይቆጠራል፣ ለማን ይስጡ የሚለውን ደግሞ ህጉ ለነሱ ነው የተወው። ስለዚህ ብዙዎቹ አባትየው ለተማሩበት ዩኒቨርስቲ፣ እናትየው ለታከሙበት ሆስፒታል፣ ለአምልኮ ቦታቸው ይሰጡና በዛው ያልቃል። ትናንሾቹ ሰራተኛ የላቸውም፣ ዌብሳይትም የላቸውም፣ አድራሻቸው የአካውንታንቱ ወይም የጠበቃው ቢሮ ነው፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በአመት አንዴ ሁለቴ ተሰብስበው ይወስናሉ በቃ። አንተ የላክኸውን ኢሜይል የከፈተው ሰው ራሱ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ከመጻፍህ በፊት ማንበብ ነው። እንዲህ ያለ ፕራይቬት ፋውንዴሽን ሁሉ በየአመቱ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የታክስ መስሪያ ቤት) 990-ፒኤፍ የሚባል ፎርም ያስገባል፣ ይሄ ፎርም ለህዝብ ክፍት ነው። ፕሮፐብሊካ ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር የሚባለው ሳይት ላይ በነጻ ታገኘዋለህ፣ መመዝገብም አያስፈልግ። እዛ ላይ የቦርዱ አባላት ስም አለ፣ ያላቸው ሀብት አለ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ በዛ አመት ለማን ስንት ዶላር ለምን ስራ እንደሰጡ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ከዝርዝሩ ቀደም ብሎ አንዲት ሳጥን አለች፣ "እኛ የምንሰጠው ቀድመን ለመረጥናቸው ብቻ ነው፣ ያልተጠየቀ ማመልከቻ አንቀበልም" የምትል። ሳጥኗ ምልክት ካለባት ደብዳቤህን አታባክን፣ ከቤተሰቡ አንዱን የሚያውቅ ሰው ከሌለህ በስተቀር በሩ ዝግ ነው። ምልክት ከሌለባት ግን ማመልከቻ የት እንደሚላክ፣ በምን መልክ፣ እስከ መቼ፣ የትኛው አካባቢ ላይ ብቻ እንደሚሰጡ እዛው ስር ተጽፎ ታገኛለህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ፋውንዴሽን በስሙ አትፈልግ። እናንተን የሚመስሉ ድርጅቶችን ነው መፈለግ ያለብህ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ለሳልቫዶር ልጆች፣ ለቬትናም ልጆች ሆምወርክ የሚያስጠኑ ማህበሮች ሞልተዋል። የነሱን ስም እዛው ሳይት ላይ ፎርሞቹ ውስጥ በሚፈልገው ሰርች አስገባው፣ ስማቸው የተጻፈበት የፋውንዴሽን ፎርም ሁሉ ይወጣልሃል። ከተወሰኑ አመታት ወዲህ ፎርሙ በኤሌክትሮኒክ ብቻ እንዲገባ ስለታዘዘ ነው ይሄ የተቻለው፣ ድሮ ስካን የተደረገ ወረቀት ነበር ቃል መፈለግ አይታሰብም። በዚህ መንገድ የምታገኛቸው ቤተሰቦች ለእንደናንተ አይነቱ ስራ እዚሁ ሰፈር ቼክ ጽፈው የሚያውቁ ናቸው። ከዛ መጠኑን እይ፣ ለሌሎቹ 5,000 እና 10,000 ሲሰጥ የኖረን ቤተሰብ 75,000 ብትጠይቀው ፎርሙን እንዳላነበብክ ወዲያው ያውቃል።

ዲሲ አካባቢ ትልልቅ ስም ያላቸው የቤተሰብ ገንዘቦች አሉ፣ ሞሪስ ካፍሪትዝ የተባለው የህንጻ ነጋዴ በ1948 ያቋቋመው ካፍሪትዝ ፋውንዴሽን አለ፣ ዋሽንግተን ፖስትን የገዛው ዩጂን ማየርና ሚስቱ አግነስ በ1944 ያቋቋሙት ማየር ፋውንዴሽን አለ። እነዚህ ሰራተኛ አላቸው፣ ዌብሳይት አላቸው፣ መመሪያቸውን ገብተህ አንብብ። ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው እነሱን ስለሆነ የመጀመሪያ ግራንታችሁ ከዛ ይመጣል ብዬ አላስብም። ስሙን ሰምተኸው ከማታውቅ፣ ቤተስዳ ውስጥ አካውንታንት ቢሮ አድራሻ ካለው ቤተሰብ ይመጣል የምል ነኝ።

ስለ 15 ፐርሰንቱ ሌላ ሰው ይበል፣ እኔ ከጀመርኩ እናደዳለሁ።

ሂሳብ_ሹም

እኔ ልበል። የኖንፕሮፊት ሂሳብ ነው የምሰራው።

በፐርሰንት ግራንት መጻፍ እዚህ አገር በሙያው የተነወረ ነው፣ ግራንት ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽንም አሶሴሽን ኦፍ ፈንድሬይዚንግ ፕሮፌሽናልስም በስነምግባር ደንባቸው አባሎቻቸውን ይከለክላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ፋውንዴሽኑ 10,000 የሰጠህ ባጀትህ ላይ ለጻፍከው ነገር ነው፣ ለአስተማሪ ለመጽሐፍ ለክፍል ኪራይ። ግራንቱ ከመምጣቱ በፊት ለተሰራ ስራ 1,500ውን ለጸሐፊ ብታወጣ ሪፖርት ላይ ምን ብለህ ነው የምትጽፈው? ደብቀህ ከሌላ መስመር ስር ካስገባኸው ደግሞ እሱ ሌላ ስም አለው። ሰውየው ጎበዝ ከሆነ በሰአት ወይም በቁርጥ ዋጋ ከራሳችሁ መዋጮ ክፈሉት፣ እምቢ ካለ ይሂድ። ቦርዳችሁ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ጠፍቶ ነው?

ሌላው ማንም ያልነገራችሁ ነገር። አሁን የምታስገቡት 990-ኤን ይመስለኛል፣ ትናንሽ ማህበሮች በየአመቱ ለአይአርኤስ የሚያስገቧት አጭሯ፣ ፖስትካርድ የምትባለዋ። አማካይ ገቢያችሁ ከ50,000 ሲያልፍ ግን 990-ኢዚ ነው የሚጠበቅባችሁ፣ ያ ደግሞ እውነተኛ የሂሳብ መዝገብ ይፈልጋል። በ40,000 ላይ 20,000 ግራንት ሲጨመር ወደዛ ነው የምትሄዱት፣ ካሁኑ በደንብ መዝግቡ። ሶስት አመት በተከታታይ ሳያስገባ የቀረ ማህበር ደግሞ 501ሲ3ው በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፣ ፖስትካርዷን እንኳ ቢሆን። አይአርኤስ ሳይት ላይ ስማችሁን ፈልጉት አሁኑኑ፣ ፋውንዴሽኖቹ መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን ነው። ሊቀመንበር ተቀይሮ የኢሜይሉ ፓስወርድ ጠፍቶ የተሰረዙ የሀበሻ ማህበሮች ስንት እንዳየሁ።

ሶስተኛ፣ ከአንድ ቤተሰብ ብቻ ብዙ ገንዘብ መቀበልም ጣጣ አለው። ፐብሊክ ቻሪቲ (ከብዙ ሰው በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚኖር፣ ፕራይቬት ፋውንዴሽን ያልሆነ 501ሲ3) ሆኖ ለመቀጠል በ5 አመት ሲደመር ቢያንስ አንድ ሶስተኛው ገቢያችሁ ከህዝብ መሆን አለበት፣ የአንድ ሰጪ ገንዘብ ደግሞ ከጠቅላላው እስከ 2 ፐርሰንት ያለው ብቻ ነው እንደ ህዝብ የሚቆጠረው፣ ፋሚሊ ፋውንዴሽንም እንደ አንድ ሰጪ ነው። ለምሳሌ በ5 አመት ጠቅላላ 300,000 ገብቶ 220,000ው ከአንድ ቤተሰብ ቢሆን ከሱ የሚቆጠርላችሁ 6,000 ነው። ቀሪው 80,000 ከትናንሽ መዋጮ ነው እንበል፣ ሲደመር 86,000፣ ከ300,000 ሲካፈል 29 ፐርሰንት አይሞላም፣ ወደቃችሁ። ለአዲስ ማህበር የመጀመሪያዎቹ 5 አመታት እንደ ፐብሊክ ቻሪቲ ይታያል፣ ለትንሽ ጉድለትም ህጉ ሌላ መውጫ አለው፣ ስለዚህ አትደንግጡ ግን እወቁት።

የሲያትሉ_ጋሼ

ልጆች ትምህርቱ ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ የፈረንጅ ደጅ የምንጠናው? የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። በኢድር የኖርን ህዝብ ነን። 200 ቤተሰብ በወር 10 ዶላር ቢያዋጣ በአመት 24,000 ነው፣ ማንም ሪፖርት አምጡ አይላችሁም፣ ማንም ሎጎዬን ለጥፉ አይላችሁም። ፋውንዴሽኑ ሁለት አመት ሰጥቶ ትኩረታችንን ቀይረናል ብሎ ሲሄድ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እኔ ሲያትል ውስጥ በአይኔ አይቻለሁ፣ በግራንት ሶስት ሰራተኛ ቀጥሮ ግራንቱ ሲያልቅ በሩን የዘጋ ማህበር።

ትግስት_ከቨርጂኒያ

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ እኔም ተቃራኒውን አላልኩም። እንዲያውም ያ የ10 ዶላሩ መዋጮ ካለ ነው ፋውንዴሽኑም የሚሰጠው። ማመልከቻው ላይ "ሌላ ገቢያችሁ ከየት ነው" ሲል 200 ቤተሰብ በየወሩ ያዋጣል ማለት እንዴት ያለ መልስ መሰለዎት፣ ብዙ ትልልቅ ድርጅት እንደዛ ብሎ መጻፍ አይችልም። ከዛ ላይ ቦርዱ ሁሉ ከኪሱ ያዋጣል ወይ ብለውም ይጠይቃሉ፣ 5 ዶላርም ብትሆን ሁሉም መስጠቱን ነው ማየት የሚፈልጉት።

ሂሳብ_ሹም

ጋሼ በአክብሮት አንዲት ማስተካከያ። ኢድሩ ለአባላት ብቻ ለሀዘን የሚከፍል ከሆነ በ501ሲ3ው ስም አይሰብስቡት፣ መዋጮውም ከታክስ አይቀነስም፣ እሱ የመረዳጃ ማህበር ነው። በአንድ ባንክ አካውንት አደባልቀው የሚይዙ አሉ፣ ኦዲት ቢመጣ መከራ ነው። ለልጆቹ ትምህርት የሚዋጣው ለብቻው ይሁን፣ ትምህርቱም ለአባል ላልሆነ ልጅ ክፍት ይሁን።

የሲያትሉ_ጋሼ

እሺ ልጄ ተቀብያለሁ፣ እኔም የእኛን ጸሐፊ ልጠይቀው ነው ዛሬ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ትግስት ወንድምሽ ነኝ 😊 እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም፣ ይሄን ሁሉ ሰው በነጻ ይነግረኛል ብዬ አላሰብኩም። የቦርዱን ሰዎች ይሄንን አስነበብኳቸው፣ ባለ 15 ፐርሰንቱ ነገር በዛው ሞተ። አይአርኤስ ላይም አየን ስማችን አለ ተመስገን።

ትላንት ማታ እንዳልሽኝ የሌሎቹን ስም እያስገባሁ ስፈልግ አመሸሁ፣ በእውነት የሚገርም ነገር ነው፣ ከኛ ሁለት ብሎክ ላይ ላለ የስፓኒሽ ማህበር በየአመቱ የሚሰጥ ቤተሰብ አገኘሁ፣ ሳጥኗም ምልክት የለባትም። ችግሩ መመሪያቸው ላይ "ለሀይማኖት ስራ አንሰጥም" ይላል፣ እኛ ደግሞ ክፍሉን የተከራየነው ከቤተክርስቲያን አዳራሽ ነው፣ አብዛኞቹ ልጆች እዛው ሰንበት ትምህርት ቤት ናቸው። ያልፈናል ማለት ነው?

ትግስት_ከቨርጂኒያ

አያልፋችሁም። አዳራሽ መከራየት ሀይማኖት አይደለም፣ ዲሲ አካባቢ ግማሹ ኖንፕሮፊት የቤተክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው ያለው። የሚፈልጉት ገንዘባቸው ለስብከት እንዳይውል ነው። የኪራይ ውል በጽሁፍ ይኑራችሁ፣ የባንክ አካውንታችሁ ከቤተክርስቲያኑ የተለየ ይሁን፣ ሙስሊም ልጅም ጴንጤ ልጅም መምጣት እንደሚችል በራሪ ወረቀታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉ፣ ከመጡ ደግሞ የበለጠ። አማርኛ ለመማር መዝሙር የምታስጠኑ ከሆነ እሱን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ተዉለት። ደብዳቤው ላይ ደግሞ አትደብቁት፣ "ክፍሉን የምንከራየው ከቤተክርስቲያን ነው፣ ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት ነው" በሉ አንድ መስመር ይበቃል፣ በኋላ መጥተው ሲያዩ መስቀሉን አይተው እንዳይደናገጡ።

ደብዳቤውን አሳጥረው፣ ከሁለት ገጽ አይለፍ። የኢትዮጵያን የ3,000 አመት ታሪክ ከላይ አትጀምርበት (የኛ ሰው ይሄን ይወዳል እኮ)። ስንት ልጅ በየቅዳሜው ይመጣል፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ ምን ታደርጋላችሁ፣ የጠየቃችሁት ገንዘብ ምን ላይ ይውላል። ለትልልቆቹ ደብዳቤ ማንበቡን ደግሞ ለዚህ ቤተሰብ አትቀላቅለው፣ ለልጆች ስራ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ ስለ ልጆች ብቻ ጻፍ።

ሸገር_ነኝ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኛ አዲስ አበባ ያለን አገር በቀል ድርጅት ነን፣ ቂርቆስ አካባቢ ከአረጋውያን ጋር ነው የምንሰራው። እነዚህ ፋሚሊ ፋውንዴሽኖች ለኛስ ይሰጣሉ? የአሜሪካ 501ሲ3 የለንም።

ሂሳብ_ሹም

በህግ ይችላሉ ግን ስራ ይበዛባቸዋል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፋውንዴሽኑ ራሱ ቀድሞ ስለናንተ ያጣራል፣ በጽሁፍ ውል ይፈራረማል፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ ከናንተ ሪፖርት ይቀበላል፣ ያንን ደግሞ ለአይአርኤስ ያሳውቃል፣ ኤክስፔንዲቸር ሪስፖንሲቢሊቲ ይሉታል። ሁለተኛው የናንተን መተዳደሪያ ደንብና ሂሳብ መርምሮ ከአሜሪካ ፐብሊክ ቻሪቲ ጋር እኩያ ናቸው ማስባል ነው፣ ኤንጂኦሶርስ የሚባል ይሄንን የሚሰራ ድርጅት አለ። ትንሽ ሰራተኛ የሌለው ቤተሰብ ሁለቱንም አይወድም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ እዚህ አሜሪካ ባለ 501ሲ3 በኩል መስጠት ይመርጣሉ። ያ ድርጅት ግን ገንዘብ ማስተላለፊያ ቱቦ ብቻ መሆን አይችልም፣ ቦርዱ በራሱ ወስኖ ተቆጣጥሮ ነው የሚልከው። ይሄን ሳያውቁ "በናንተ አካውንት አስገቡልን" የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ፣ እኔ ለደንበኞቼ እምቢ በሉ ነው የምላቸው።

ትግስት_ከቨርጂኒያ

በናንተ በኩል ደግሞ ህጉ እንደ ድሮው አይደለም አይደል። በአዋጅ 621/2001 ጊዜ በመብት ስራ ላይ ያለ አገር በቀል ድርጅት ከውጭ ከ10 ፐርሰንት በላይ መቀበል አይችልም ነበር፣ አዋጅ 1113/2011 ያንን አንስቶታል። የአስተዳደር ወጪ ግን ከ20 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይላል፣ ባጀታችሁን ስትሰሩ የሰጪውም የባለስልጣኑም መስመር ውስጥ መግባት አለበት። የኦዲት ሪፖርታችሁን በእንግሊዝኛ አዘጋጁ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ሸገር_ነኝ

አመሰግናለሁ እህቴ። ኦዲቱ አለን፣ ማስተርጎም ነው የቀረን።

አቦል_ጀባ

እኔ ቀልዴን ትቼ አንድ ቁም ነገር ልጠይቅ። የኔ አለቃ ሀብታም ነው፣ ፋውንዴሽን የለኝም ግን ፊደሊቲ ውስጥ የመስጫ አካውንት አለኝ ይላል። እሱስ ምንድነው?

ሂሳብ_ሹም

ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ ነው። ሰውየው ገንዘቡን እዛ ሲያስገባ የታክስ ቅናሹን ወዲያው ያገኛል፣ ለማን ይሰጥ የሚለውን ቀስ ብሎ ይመክራል። 5 ፐርሰንት የሚባል ግዴታ የለበትም፣ ማን ለማን እንደሰጠም እንደ 990-ፒኤፍ በስም ዘርዝረህ አታየውም፣ ማመልከቻም የለውም። ስለዚህ ለሱ ፕሮፖዛል አይጻፍም፣ ቅዳሜ ጋብዘው ልጆቹን ያሳየው፣ የማህበሩን ህጋዊ ስምና ኢአይኤን የሚባለውን የታክስ መለያ ቁጥር በወረቀት ስጠው፣ ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል።

አቦል_ጀባ

ኧረ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢአይኤናችሁን በውስጥ መስመር ላክልኝ እስቲ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ልኬልሃለሁ ወንድሜ። ትግስት የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለዚህ ቤተሰብ 7,500 ልንጠይቅ ነው ያሰብነው፣ ለስፓኒሾቹ ከ5,000 እስከ 8,000 ነው ሲሰጡ የኖሩት። አስተማሪዎቹን መክፈል እንችላለን ወይስ መጽሐፍና ኮምፒውተር ማለት ይሻላል?

ትግስት_ከቨርጂኒያ

የሚያስፈልጋችሁን ጠይቁ። ኮምፒውተር ጠይቃችሁ ከተሰጣችሁ በኋላ አስተማሪ ከሌለ ኮምፒውተሩን ማን ያስነካቸዋል? ለአስተማሪዎቹ በሰአት ትንሽ ክፍያና የኪራዩን ድርሻ ብላችሁ በግልጽ አስቀምጡ። የስፓኒሾቹን ግራንት ዝርዝር ላይ "ለምን ስራ" የሚለውን አምድ እየው፣ "ጀነራል ኦፐሬቲንግ" ካለ ገንዘቡን ለፈለጋችሁት ወጪ የሚሰጡ ናቸው ማለት ነው፣ እሱን ነው መጠየቅ። ዴድላይናቸው መቼ ነው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አየሁት፣ "ጀነራል ሰፖርት" ይላል ሁለቱንም አመት። ሴፕቴምበር 30 ነው። የቦርዱ ስብሰባ ቅዳሜ ነው፣ ድራፍቱን እዚህ ስሙን አውጥቼ እለጥፈዋለሁ እዩልኝ።